ወርቁ ሲያልቅ አገር ምን ይቀረዋል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር)






በዚህ በበዓሉ ቀን የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ንግግር እንድናደርግ ዕድል በተሰጠን ጊዜ ስለ ምን እንናገር ብለን ብዙ ተከራከርን። አንዳንዶቻችን ስለ ትምህርት ጥቅም ይሁን አልን፤ ነገር ግን ስለ ትምህርት ጥቅም በየዓመቱ ተነግሮአል፤ የሚሰሙትም በትምህርት ቤት ያሉት ብቻ ናቸው። ሌሎች ስለ አገር ፍቅር ይሁን አሉ። በመጨረሻ ከመካከላችን አንዱ ተነሥቶ፥ «ስለዚያ ወንበር እንናገር» አለና ጣቱን ወደ ኋለኛው ረድፍ ቀሰረ። ሁላችንም ዘወር ብለን አየን፤ ክርክሩም በዚያው አበቃ።

ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ በአንድ ወንበር ላይ ሦስት ሦስት ሆነን ተጣበን እንቀመጥ ነበር። ዛሬ ሁለት ሁለት ሆነን ተዝናንተን እንቀመጣለን፤ በኋለኛው ረድፍማ ጭራሽ ሰው የማይቀመጥበት ወንበር አለ። ከጐደሉት መካከል ከቤተ ሰባቸው ጋር ወደ ሌላ አገር የሄዱ አሉ፤ የታመሙ አሉ፤ ያለ ዕድሜያቸው የተዳሩ እኅቶቻችንም አሉ፤ ይህ የመጨረሻው ለብቻው ሌላ ንግግር የሚያስፈልገው ነገር ነው። ከወንዶቹ የሚበዙት ግን የሄዱት ወደ ወርቅ ነው። ወደ መንጌ፥ ወደ ሸርቆሌ፥ ወደ ኩርሙክ ሄዱ። መከሩ ከተሰበሰበ በኋላ አንዱ በሳምንት ሁለት ቀን ይቀራል፤ ቀጥሎ ሳምንቱን በሙሉ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ በሞተር ብስክሌት መጥቶ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ሰላምታ ይሰጠናል። መምህሩ በወር የሚያገኘውን ደመወዝ እርሱ ዕድል በቀናው ዕለት በአንድ ቀን እንደሚያገኝ ይነግረናል። እውነቱን ለመናገር እርሱን ስንሰማ ልባችን ይከፈላል። እኛም አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶናል፤ እኛም ቤት የምንረዳ ልጆች ነን።

ዛሬ የቆምነው ወርቁን ለመውቀስ አይደለም። እዚህ ከተቀመጥነው ተማሪዎች መካከል የስንቱ ዩኒፎርም በወርቅ ገንዘብ እንደ ተሰፋ እኛው እናውቃለን። ለመጠየቅ የፈለግነው አንድ ነገር ነው። ከመሬት በታች ባለ በአንድ ነገር የሚኖር አገር፥ ያ ነገር ሲያልቅ ወይም ዋጋው ሲወድቅ ምን ይሆናል? ለዚህ መልስ ፍለጋ በመጀመሪያ የራሳችንን ታሪክ፥ ቀጥሎም የአንድ የሩቅ አገር ሕዝብ ታሪክ ተመለከትን። ለሰሚው እንዲመች ዘመኖቹን ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንናገራለን።

የቤኒሻንጉል ወርቅ በዓለም የታወቀው ዛሬ አይደለም። የግብፅ ገዥ መሐመድ ዓሊ በ1813 ዓ.ም. ጦሩን ወደ ሱዳን ሲያዘምት ከፈለጋቸው ነገሮች ዋነኞቹ ሁለት ነበሩ፤ አንደኛው ወርቅ፥ ሁለተኛው ለወታደርነት የሚሆኑ ባሮች። ልጁ እስማኤል የዓባይን ወንዝ ተከትሎ ዛሬ ከወሰናችን ማዶ እስካለው እስከ ፋዞግሊ ድረስ ደረሰ፤ እንዳሰበው ያህል ግን ወርቅ አላገኘም። መሐመድ ዓሊ ተስፋ አልቈረጠም፤ በ1831 ዓ.ም. ዕድሜው ሰባ ዓመት ገደማ ሆኖ ሳለ ራሱ ከካይሮ ተነሥቶ እስከ ፋዞግሊ መጣ። ሽማግሌ ሰው በዚያ ዘመን በጀልባና በእንስሳ ያን ያህል መንገድ መጓዙን ስታስቡት፥ የወርቅ ምኞት ምን ያህል ኀይል እንዳለው ትረዳላችሁ። ከዚያም በኋላ በ1840 ዓ.ም. ኮቫሌቭስኪ የተባለ የሩሲያ የማዕድን መሐንዲስ አስመጥቶ የወርቅ ማጠቢያ እንዲያቋቁምለት አደረገ።

በ1890 ዓ.ም. በራስ መኰንን የሚመራው የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ወደዚህ አገር መጣ። ከዚያ ወዲህ የወርቁ መንገድ ወደ አዲስ አበባ ዞረ። የአሶሳው ሼኽ ሖጀሌ አልሐሰን በወቄት የተመዘነ ወርቅ ለቤተ መንግሥት ይገብሩ ነበር። በ1894 ዓ.ም. በግንቦት ወር ከእንግሊዞች ጋር የሱዳን ወሰን ሲዋዋል፥ አፄ ምኒልክ ቤኒሻንጉልን አጥብቀው ከያዙባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ወርቅ እንደ ነበረ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። በአዲስ አበባ በጉለሌ በኩል ሾጎሌ የሚባለው ሠፈር ስሙን ያገኘው ከእኒሁ ሼኽ ነው፤ መኖሪያቸው በዚያ ነበረና። ከእኛ መካከል አዲስ አበባ ሄዶ በታክሲ ረዳት አፍ «ሾጎሌ! ሾጎሌ!» ሲባል የሰማ፥ የአሶሳ ስም እየተጠራ መሆኑን ሳያውቅ አልፎታል።

መሸፋፈን የማይገባን ነገርም አለ። በዚያ ዘመን ያን ወርቅ ከሚቆፍሩትና ከሚያጥቡት ብዙዎቹ በፈቃዳቸው የሚሠሩ አልነበሩም። ወርቁና የባሪያ ንግዱ በአንድ መንገድ ይሄዱ ነበር። የአያቶቻችንን ታሪክ ስንናገር የሚያስከብረውን ብቻ መርጠን ብንናገር ታሪኩ ግማሽ ይሆናል።

እንግዲህ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ከዚህ ምድር ወርቅ ወጣ። ወደ ካይሮ ሄደ፤ ወደ ካርቱም ሄደ፤ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። ታዲያ ከዚያ ሁሉ ወርቅ ወርቁ በወጣበት ቀበሌ የቀረ ነገር ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ይዘን በጥር የዕረፍት ሳምንት ከመካከላችን ስድስት ተማሪዎች የክፍል ጓደኛችንን ተከትለን፥ አክስቱ ወርቅ ወደሚያጥቡበት ወንዝ ወደ መንጌ ወረዳ ወረድን።

ወንዶቹ ይቆፍራሉ፤ ሴቶቹ ያጥባሉ። ጕድጓዱ እንደ ውሃ ጕድጓድ ጠባብና ጥልቅ ነው፤ ከሥሩ አንድ ሰው ጐንበስ ብሎ ይቆፍራል፤ አፈሩ በገመድና በባልዲ ይወጣል። በመጽሐፈ ኢዮብ በ28ኛው ምዕራፍ ስለ ማዕድን ቆፋሪዎች የተነገረውን በልጅነታችን ተምረነው ነበር፤ ከሰው ርቀው በጥልቅ ቦታ ስለሚንጠለጠሉ ሰዎች ይናገራል። ያን ጊዜ ምሳሌ ይመስለን ነበር፤ ያን ቀን ግን ገመዱን በዓይናችን አየነው። ከገመዱ በታች የነበረውም ባለፈው ዓመት ከእኛ ጋር የፊዚክስ ፈተና የተፈተነ ልጅ ነበረ። ሲወጣ መላ ሰውነቱ ቀይ አፈር ስለ ሆነ በመጀመሪያ አላወቅነውም፤ እርሱ ግን በየስማችን ጠራን።

አክስቲቱ አፈሩን በእንጨት ገበታ ላይ አድርገው በውሃው ውስጥ ያሽከረክሩታል። ቀላሉ አፈር በውሃው ይሄዳል፤ ጠጠሩን በእጃቸው ይጥሉታል፤ በመጨረሻ ጥቁር አሸዋ ይቀራል። ያን ጥቁር አሸዋ በቀስታ ሲያዘነብሉት በጠርዙ ላይ ከጤፍ የሚያንሱ ብጫ ቅንጣቶች ይታያሉ። እኒያን በጣታቸው ጫፍ አንሥተው በመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ ያኖራሉ። ከጧት እስከ ቀትር ያጠቡት ተሰብስቦ አንድ የጣት ጥፍር አይሸፍንም ነበር።

«እናታችን፥ በዚህ ሥራ ስንት ዓመት ቆዩ?» ብለን ጠየቅናቸው። በበርታ ቋንቋ የመለሱልንን ጓደኛችን ተረጐመልን። በልጅነታቸው ከእናታቸው ጋር እንደ ጀመሩ፥ እናታቸውም ከእናታቸው ጋር እንደ ጀመሩ ነገሩን። «ታዲያ ያ ሁሉ ወርቅ ምን ሆነ?» ብንላቸው ጥቂት አሰቡና፥ «ጨው ሆነ፤ ሳሙና ሆነ፤ የእርሱም ደብተር ሆነ» አሉና ወደ ጓደኛችን በአገጫቸው አመለከቱ። እርሱም ይህን ሲተረጕም ድምፁ ትንሽ ተለወጠ።

በወንዙ ዳር ተቆፍረው የተተዉ ጕድጓዶች ብዙ ናቸው። በክረምት ውሃ ይሞላቸዋል፤ ከብት ይገባባቸዋል፤ ዝናብ የጠጣው አፈርም በቆፋሪው ላይ ይናዳል። አንዳንዶች ደግሞ ወርቁን ከአሸዋው ለመለየት ባዜቃ ይጠቀማሉ። ባዜቃው ወርቁን ከያዘ በኋላ በእሳት ላይ ያተኑታል፤ ይህንንም ምግብ በሚበስልበት ምድጃ፥ ልጆች ባሉበት የሚያደርግ አለ። የኬሚስትሪ መምህራችን እንዳስተማሩን የባዜቃ ተን አይታይም፤ ሲተነፍሱት ግን ወደ ሳንባ ይገባና አንጐልንና ነርቭን ይጐዳል። እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሰው ያረጀ ይመስለዋል። እባካችሁ፥ ዛሬ እዚህ ካላችሁት ወላጆች ይህን የሚሠራ ዘመድ ያላችሁ ቢያንስ ከቤት ውጭና ከልጆች ርቆ እንዲሆን፥ ከተቻለም እንዲቀር ንገሩልን።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ባህላዊው አወጣጥ ነው። አሁን ግን ሌላ ዘመን ገብቶአል። በኩርሙክ ወረዳ አሻሺሬና ድሽ ተራራ በተባሉት ቦታዎች በትልልቅ መኪናዎች የሚሠራ የወርቅ ማዕድን ታቅዶ ብዙ ገንዘብ ፈስሶበታል። በ2017 የበጀት ዓመትም ወርቅ ለኢትዮጵያ ያስገኘው የውጭ ምንዛሪ ከቡና በለጠ። ይህ ለአገር ታላቅ ነገር ነው፤ ደስ ብሎናልም። ይሁን እንጂ በኩርሙክ ማዕድን የታወቀው ክምችት ለአሥር ዓመት ያህል ሥራ የሚበቃ ነው፤ ምናልባት ፍለጋው ሲቀጥል ይጨመርበት ይሆናል። አሥር ዓመት ማለት ዛሬ ሁለተኛ ክፍል ያለ ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እስኪደርስ ያለው ጊዜ ነው። ያ ልጅ ከትምህርት ቤት በሚወጣበት ዓመት ምን ያገኛል?

ማዕድን መጥቶ የሄደበትን ቦታ ለማየት እስከ ባሕር ማዶ መሄድ አያሻም የሚል ቢኖር እውነት አለው። ጐረቤታችን በሆነችው በወለጋ ዩብዶ አለች። በ1910ዎቹ ዓመታት አልቤርቶ ፕራሶ የተባለ ጣሊያናዊ በቢርቢር ወንዝ አካባቢ ፕላቲን አገኘ፤ ፕላቲን ከወርቅ ጋር የሚወዳደር ዋጋ ያለው ማዕድን ነው። የዩብዶ ስም በአውሮፓ የማዕድን መጻሕፍት ውስጥ ገባ። ከተማይቱ ግን እስከ ዛሬ ትንሽ ከተማ ናት፤ ስሟም ከመናኸሪያ ይልቅ በጂኦሎጂ መጽሐፍ ውስጥ በብዛት የሚገኝ ይመስለናል።

ጥያቄያችንን ይበልጥ ያብራራልን ግን የጂኦግራፊ መምህራችን ያስነበቡን የአንድ ሌላ አገር ታሪክ ነው። ይህም አገር ዌልስ ይባላል። ዌልስ በብሪታንያ በስተ ምዕራብ በኩል የሚገኝ፥ የራሱ ጥንታዊ ቋንቋ ያለው ትንሽ ተራራማ አገር ነው። በደቡቡ ክፍል ከተራራው ወደ ባሕሩ እንደ እጅ ጣቶች ተዘርግተው የሚወርዱ ጠባብ ሸለቆዎች አሉ። ከእነዚህም ሮንዳ በተባሉት ሁለት ሸለቆዎች በ1843 ዓ.ም. የነበረው ሕዝብ አንድ ሺህ እንኳ አይሞላም ነበር፤ በግ የሚያረቡ ገበሬዎች ነበሩ። በ1903 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ግን ቁጥራቸው ከ150,000 በላይ ሆነ። በስድሳ ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ሰው የሰበሰበው የድንጋይ ከሰል ነው። የዌልስ ከሰል ጢሱ ጥቂት፥ ሙቀቱ ብርቱ ስለ ሆነ ለመርከብ ተመራጭ ነበረ። በ1905 ዓ.ም. ገደማ በደቡብ ዌልስ 230,000 ያህል ሠራተኞች በዓመት 57 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ ከሰል ያወጡ ነበር።

ይህም ያለ ዋጋ አልተገኘም። ጥቅምት 4 ቀን 1906 ዓ.ም. ሴንግሄኒዝ በተባለች መንደር ከመሬት በታች በተነሣ ፍንዳታ 439 ማዕድን ቆፋሪዎችና አንድ ሊረዳቸው የገባ ሰው ሞቱ። በብሪታንያ ታሪክ ከዚህ የከፋ የማዕድን አደጋ አልደረሰም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። መርከቦች ከሰሉን ትተው በነዳጅ ዘይት መሄድ ጀመሩ፤ ሌሎች አገሮችም በርካሽ ዋጋ ከሰል መሸጥ ጀመሩ። በሸለቆው ያለው ሰው ምንም አላጠፋም፤ ሥራውንም አላጐደለም፤ ዋጋውን የሚወስኑት ግን እርሱን የማያውቁ ሰዎች ነበሩ። ከ1913 እስከ 1932 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ከ400,000 የሚበልጥ ሕዝብ ዌልስን ለቆ ሄደ። እኛ ይህን ባነበብን ቀን አንድ ጓደኛችን፥ «የወርቅ ዋጋ በየጧቱ የሚመጣው ከየት ነው?» ብሎ ጠየቀ። በእኛም አገር ቢሆን የሚመጣው በስልክ ነው፤ ከመንጌ የሚወሰን አይደለም።

ስለ አበርቫን የተነገረን ግን ከሁሉ ይልቅ ከልባችን አልወጣም። ከከሰሉ ጋር የሚወጣው የማይረባ ድንጋይና አፈር በከተማው በላይ ባለው ተራራ ላይ ይቆለል ነበር። ከቁልሎቹ አንዱ የተሠራው ምንጭ በሚፈልቅበት ቦታ ላይ ነበረ። የመንደሩ ሰዎች ፈርተው አስቀድመው አመለከቱ፤ ሰሚ አላገኙም። ጥቅምት 11 ቀን 1959 ዓ.ም. በእኛ የሰዓት አቆጣጠር ከጧቱ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ፥ ልጆቹ ክፍል እንደ ገቡ፥ ቁልሉ ውሃ ጠጥቶ ተናደና ከተራራው ወርዶ ትምህርት ቤቱን ቀበረው። 144 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህም 116ቱ ልጆች ነበሩ። ለዕረፍት ሊለቀቁ የቀራቸው ያው አንድ ቀን ነበረ። ጉዳዩን የመረመረው ጉባኤ ጥፋቱ የመንግሥት የከሰል ድርጅት እንደ ሆነ ፈረደ። ከዚህ በኋላ የሆነው ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል፤ የቀሩትን ቁልሎች ለማንሣት ከሚያስፈልገው ወጪ 150,000 ፓውንድ የተወሰደው ሰዎች ለሐዘንተኞቹ ካዋጡት ገንዘብ ነው። የተመለሰላቸው በ1989 ዓ.ም. ነው።

እኛ ይህን የምንናገረው እንግሊዞችን ለመክሰስ አይደለም። በመንጌ ወንዝ ዳር የቆመውን የአፈር ቁልልና የተከፈተውን ጕድጓድ ካየን ገና አንድ ወር አልሞላንም ነበርና ነው።

በ1976 ዓ.ም. መንግሥት ብዙ የከሰል ጕድጓዶችን ለመዝጋት ሲነሣ ቆፋሪዎቹ አንድ ዓመት ሙሉ ሥራ አቁመው ታገሉ፤ ተሸነፉም። በ1983 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር በሮንዳ የመጨረሻው የከሰል ጕድጓድ ተዘጋ። ታወር በተባለው ማዕድን ብቻ 239 ቆፋሪዎች ሲሰናበቱ ከተከፈላቸው ገንዘብ እያንዳንዳቸው 8,000 ፓውንድ አዋጥተው ጕድጓዱን ገዙትና በ1987 ዓ.ም. የራሳቸው አድርገው ከፈቱት። ከሰሉ እስኪያልቅ ድረስ እስከ 2000 ዓ.ም. ሠሩበት። አንዳንዶቻችን ከታሪኩ ሁሉ ይህን ወደድን።

እንግዲህ ከሰሉ ሲያልቅ በሸለቆው ምን ቀረ? ብዙ ድህነት ቀረ፤ እስከ ዛሬም እነዚያ ሸለቆዎች ከብሪታንያ ድሆች አካባቢዎች ይቈጠራሉ። ነገር ግን አንድ ሌላ ነገርም ቀረ፤ እርሱንም ያቆሙት የማዕድኑ ባለቤቶች አይደሉም፥ ቆፋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ከደመወዛቸው ጥቂት ጥቂት ሳንቲም እያስቆረጡ በየመንደሩ የመሰብሰቢያ አዳራሽና ቤተ መጻሕፍት ሠሩ። ትሬዲገር በተባለችው ከተማ ደግሞ በ1882 ዓ.ም. የሕክምና መረዳጃ ማኅበር አቋቋሙ። ሠራተኛው ከሚያገኘው ከእያንዳንዱ ፓውንድ 3 ፔኒ ይሰጣል፤ እርሱም ሚስቱም ልጆቹም ሲታመሙ ያለ ክፍያ ይታከማሉ።

በዚያችው ከተማ በ1890 ዓ.ም. በኅዳር ወር አናይሪን ቤቫን የተባለ ልጅ ከቆፋሪ ቤት ተወለደ። ይህ ዓመት የራስ መኰንን ጦር ወደዚህ አገር የመጣበት ዓመት ነው። ልጁ በአሥራ ሦስት ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ ወደ ጕድጓድ ገባ፤ ልክ እንደ ጓደኞቻችን። ሲናገር ይንተባተብ ነበር። ነገር ግን ማታ ከጕድጓድ ሲወጣ የሚገባበት ቤተ መጻሕፍት ነበረው፤ ያም አባቱና የአባቱ ጓደኞች በሳንቲም ያቆሙት ነበረ። ያ ሰው ኋላ የብሪታንያ የጤና ሚኒስትር ሆነ፤ በትሬዲገር ያየውንም የመረዳጃ ሥርዓት ለአገሩ ሁሉ አስፋፍቶ፥ ከሰኔ 28 ቀን 1940 ዓ.ም. ጀምሮ በብሪታንያ ማንኛውም በሽተኛ ያለ ክፍያ እንዲታከም አደረገ።

በዚያን ጊዜ አንድ ፓውንድ 240 ፔኒ ነበረ። ሒሳቡን ሠራነው፤ 3 ፔኒ ማለት ከሰማንያ እጅ አንድ እጅ ነው። ከ80 ግራም ወርቅ አንድ ግራም፤ ከ80 ብር አንድ ብር።

ይህን ሒሳብ በክፍላችን ሰሌዳ ላይ ጽፈን ብዙ ተነጋገርንበት፤ ሁላችንም አልተስማማንም። አንደኛው ተከራካሪ፥ «የዌልስ ሰዎች አንድ አሠሪና አንድ የደመወዝ ቀን ነበራቸው፤ ገንዘቡ ከእጃቸው ሳይገባ ይቆረጣል። የእኛ ቆፋሪ ለየራሱ ይቆፍራል፤ ዛሬ ያገኛል፥ ሳምንቱን ያጣል፤ ከማን ላይ ማን ይቆርጣል?» አለ። ይህ ብርቱ ጥያቄ ነው። ሌላው ግን፥ «ዕድር የሚቆርጠው ማን ነው?» ብሎ መለሰለት። በእርግጥም በወርቅ ቦታዎች እንኳ ሰው ሲሞት አስከሬን ወደ ቤተ ሰብ የሚላከው በመዋጮ ነው፤ ማንም አያስገድድም፥ ማንም አይቀርም። ለመቅበር የምናዋጣ ሰዎች ለማስተማር ማዋጣት ያቅተናል ማለት አይቻልም። ሦስተኛው ደግሞ፥ «ገንዘቡን ማን ይይዛል?» ብሎ ጠየቀ። በዚህ ጊዜ ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ ምክንያቱም የሁላችንም ፍርሃት እርሱ ነበረ። ለዚህ የሚሆን ሙሉ መልስ አላገኘንም። ብቻ ትንሽ ሆኖ ቢጀመር፥ ሒሳቡም በየወሩ በግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ለመስረቅ የማይመች፥ ለማየትም የሚቀል ይሆናል ብለን አሰብን።

ወላጆቻችን፥ «ልጆቹ ስለ ቤተ መጻሕፍት ሲያወሩ እኛ ስለ እህል እናስባለን» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። ወንድሙን ለማሳከም ብሎ የሄደውን ጓደኛችንን ተመለስ ለማለት አፍ የለንም። የምንለው፥ የሄደው ሲመለስ የሚገባበት በር ይኑረው ነው። ቤቫን በአሥራ ሦስት ዓመቱ ወደ ጕድጓድ መግባቱ አልቀረለትም፤ በሩ ግን ማታ ክፍት ነበረ።

ከዚህ በኋላ ያደረግነውን በአጭሩ ተናግረን እንጨርሳለን። በኅዳር ወር ከሄዱት ጓደኞቻችን አንዱ በየካቲት ተመለሰ፤ ዛሬም በመካከላችን ተቀምጦአል፤ ስሙን እንዳንጠራ ስለ ለመነን አንጠራም። ስለ ሰሌዳው ሒሳብ ሲሰማ ምንም አልተናገረም። በማግሥቱ ግን በወርቅ ያገኘውን ገንዘብ ሁሉ በደብተር ላይ ደምሮ፥ ለሰማንያ አካፍሎ፥ የደረሰበትን በፖስታ አድርጎ አመጣ። ሒሳቡን ሁለት ጊዜ አረምነው፤ ትክክል ነበረ። እኛም ሌሎቻችን በበኩላችን አዋጣንና በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አንድ መደርደሪያ አቆምን። እስካሁን በላዩ ያሉት አንድ አትላስ፥ አንድ የአማርኛ መዝገበ ቃላት፥ አራት የሒሳብና የፊዚክስ መጻሕፍት፥ እንዲሁም እኛ ጨርሰን የተውናቸው ደብተሮች ናቸው፤ ደብተሮቹ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለውን ትምህርት የያዙ ስለ ሆኑ ትምህርት ያቋረጠ ሰው ብቻውን ሊከታተልባቸው ይችላል። መጻሕፍቱ የተገዙበት ሒሳብ በግድግዳው ላይ ተለጥፎአል።

መደርደሪያው ከበሩ በስተ ግራ ነው። ዲሬክተራችን ስለ ፈቀዱልን ቤተ መጻሕፍቱ ቅዳሜ ከጧቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ ለተማሪዎች ብቻ ሳይሆን ከትምህርት ቤት ለወጡትም ጭምር ነው። ዩኒፎርም አያስፈልግም። ሞተር ብስክሌት ያለውም ከአጥሩ ውጭ መቆም የለበትም፤ ከማንጎው ዛፍ ሥር ቦታ አዘጋጅተናል።